ለእናትህ ክፍል ግንበኛ ስፈልግ

ግንቦት 26 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ከርመሃል ማለት ወግ ነበር። አልልህም። ስደውል አታነሳ፣ መልእክት ብልክ አትመልስ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ሥራ ቦታችሁ አሸዋ ለሚያመላልሰው ሾፌር ሰጠሁት። "በእጁ ሳታስይዘው እንዳትመለስ" ብዬዋለሁ። ልጆችህ ደህና ናቸው።

የሰው ቤት ልገነባ ነው ብለህ የእናትህን ክፍል በሦስት ግድግዳ ትተኸው ከሄድክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት መጣ። በአራተኛው በኩል ላስቲክ ወጥረህ "ለአንድ ወር ነው" ያልከው ትዝ ይልሃል? እናትህን ከእኛ ጋር ይግቡ፣ ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ይላሉ ብላቸው "ልጄ የጀመረልኝን ክፍል ጥዬ የትም አልሄድም" አሉ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስከው ያኔ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ላስቲኩን ገነጠለውና ዝናቡ ፍራሻቸው ላይ ወረደ። ድሮም ያስላቸዋል፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ሐኪሙ "እኚህ እናት እንዲህ ባለ ብርድ ሌላ ክረምት አይወጡም" ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያጠፋኸው አንተ፣ ያፈርኩት እኔ።

ስለዚህ ግንበኛ ፍለጋ ወጣሁ። የግንበኛ ሚስት ግንበኛ ስትፈልግ ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀ አልነግርህም።

የመጀመሪያው የወንድምህ ወዳጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ የፎቅ ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። "ቱንቢህ የታለ?" አልኩት። "የእኔ ቱንቢ ዓይኔ ነው" አለኝ። "እንግዲያው ዓይንህን ይዘህ ሂድ፣ የእኔ ግድግዳ ክር ይፈልጋል" ብዬ ሸኘሁት።

ሁለተኛው፣ አንተ ለሚመጣው ግድግዳ መያዣ ብለህ አንዱን ጡብ አውጥተህ አንዱን አስገብተህ የተውከውን ጥርስ አየና "ይሄን በመዶሻ አርግፈን አዲሱን እንለጥፈዋለን፤ ልስኑ ይሸፍነዋል" አይለኝም? የተለጠፈ ግድግዳ ዓመት ሳይሞላው እንደሚሰነጠቅ ካንተ ጋር ኖሬ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? በሩን አሳየሁት።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። መስመሩ ከተንጋደደባት የገዛ ሥራዋንም ስለማትምር ሰፈሩ "አፍርሰው" ይላታል። ከመቅጠሬ በፊት የሠራችውን ቤት ሄጄ አየሁ፤ አዲሱን ሳይሆን ብዙ ክረምት ያለፈበትን። ማዕዘኑን በእጄ ብዳብስ ስንጥቅ አጣሁ። የቤቱ ባለቤት "ሦስቴ ተጣልተናል፣ ግድግዳው ግን አንዴም አላስቸገረኝም" አለችኝ። ቀጠርኳት።

ገና እንደገባች ግድግዳህ ፊት ቆመች።

"ማነው የሠራው?"

"ባሌ።"

"እጁ ይባረክ።"

በገዛ ግቢዬ አንተ ስትመሰገን መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ አታውቀውም። "እጁን ተይው፣ እኔን ያቃጠለኝ እግሩ ነው" አልኳት። እሷ ወሬ አትወድም። ጥርሱ ላይ የበቀለውን የድንጋይ ሽበት በብሩሽ ፈገፈገች፣ ጡቡን ውሃ አጠጣች፣ በጡቡ መሃል የሚገባውን ሲሚንቶ ካንተው ጋር እኩል አደረገች። ደመናው አናታችን ላይ ቆሞ ሳለ ሁለት መስመር አላማረኝም ብላ አፈረሰች።

ትናንት አለቀ። የእናትህ ዓይን ከሄድክ ወዲህ በጣም ደክሟል። እጃቸውን ካንተ ሥራ ወደ አዲሱ እየሰደዱ ዳር እስከ ዳር ሄዱ፣ መጋጠሚያውን አላገኙትም። "ልጄ መጥቶ ጨረሰልኝ" አሉ። ግድግዳውን ሳሙትና ምርቃቱን ጀመሩ። "እጅህ አይዛል፣ በሰላም ወጥተህ ግባ፣ ልጆችህ ይጡሩህ።" አፍርሰው የግንበኛ ማንኪያዋን እንደያዘች አየችኝ። ምላሷ ረጅም ነው የምትለኝ እኔ ቃል አልወጣኝም። እሷም ዕቃዋን አጥባ ሄደች። ወገቧ የተቆረጠው እሷ፣ የተመረቅኸው አንተ። እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ዛሬ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ መጥቶ ነበር፣ ሥራ በዝቶበት ነው ቶሎ የሄደ" እያሉ ያወራሉ። ሳሉም ቀለል ብሏቸዋል። ቅድም ግን ወደ እኔ ዞረው "ምነው ሳይስመኝ ሄደ? ምን አስቀይሜው ነው?" አሉኝ። ትናንት ዝም በማለቴ ዋሽቼልሃለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽም። መጥተህ አንተው መልስላቸው።

ምርቃታቸውን እንዳለ ልኬልሃለሁ፤ ባትለፋበትም የእኔ ስላልሆነ ልነጥቅህ አልችልም። ከእኔ በኩል ምርቃት የለህም። ብቻ ዝናቡ ሲጠነክር ወንዙ መንገዱን ይዘጋዋልና ሳይሞላ ተነስ። የሌሊት መኪና እንዳትሳፈር።

ሚስትህ