ከደቅ የተነሳችው ታንኳ

ግንቦት 4 ቀን 1972
ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከፋብሪካ ስወጣ ጓድ ክንዱ ጠራኝ፤ የውይይት ክበባችን ሊቀ መንበር። ጡብ የሚያህል ልቦለድ አስታቀፈኝ። ግንቦት 23 የማቀርበው እኔ ነኝ አሉ። ለምን እኔ? ባለፈው ያቀረበችው ወለላ ስለ ሌላ መጽሐፍ “ሰለቸኝ” ብላ ግለ ሂስ አስደረጓት። ወዲያው ሌሊት ፈረቃ ገባች። እኔ ሌሊት ብገባ ከልጄ ጋር ማን ያድራል?

ግንቦት 8
ልቦለዱ ላይ ታንኳዋ ከደቅ ደሴት ተነሳች። ቀዛፊው ባሕር ዳር ሊመጣ ነው። አንድ ምዕራፍ ስለ ደመና... አንድ ምዕራፍ ስለ አያቱ በቅሎ... አሁንም ውኃ ላይ ነው። ሞታ የተቀበረች እናቱ ደግሞ ሽሮ ታዘጋጃለች! ከመታተሙ በፊት “ኧረ ይህን ቁረጠው” የሚል ሰው ጠፋ?

ግንቦት 11
አጠገቤ የሚሠራው አዘዘ ዛሬም “የት ደረስሽ?” አለኝ። በየቀኑ ነው። ምን አገባው? “እያነበብሁ ነው” አልሁት። ቃል ሊለቅምብኝ ነው ይሄ ሰውዬ።

ግንቦት 14
በቃኝ። ግማሹ ላይ ዘጋሁት። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አየሁ። እሱም ስለ ደመና ነው።

ግንቦት 18
አዘዘና ጓድ ክንዱ በር ላይ ቆመው ያወራሉ። ሳልፍ ዝም አሉ። አለቀልኝ።

ግንቦት 23
አቀረብሁ። ቀዛፊው ሰፊውን ሕዝብ ይወክላል አልሁ። ጓድ ክንዱ “መጨረሻውስ ምን ያስተምረናል?” አለኝ። መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመርሁ። አዘዘ እጁን አወጣ። ጉዴ ፈላ... ተነሥቶ ቀዛፊው በማዕበል እንደ ሞተ፣ ታንኳዋን ጓዶቹ ከዳር እንዳደረሷት አስረዳ። ጓድ ክንዱ ራሱን እየነቀነቀ፣ “ትክክል። እኔም ያለቀስሁት እዚያ ላይ ነው” አለ። ተጨበጨበ።
ስንወጣ ሐይቁ ዳር አዘዘ ጠጋ አለኝ። “እኔም ከደመናው አላለፍሁም” አለ። ከራሱ ፈጥሮ ነው የተናገረው! መጽሐፉ ከእኔ በፊት እሱ ዘንድ ነበር ለካ። ያን ዕለት በር ላይም ጓድ ክንዱ “አንተም ተዘጋጅ” ብሎታል። በየቀኑ የሚጠይቀኝ መጨረሻውን እንድነግረው ኖሯል። አብረን ሳቅን። ቤት ስገባ ግን... ለምን ነገረኝ? ሊያወጣጣኝ ቢሆንስ?

ግንቦት 25
ሁለተኛው ቅጽ መጣ። ጓድ ክንዱ ለአዘዘ ሰጠው፤ ሰኔ ላይ ያቀርባል። አዘዘ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሲወጣ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቀዛፊው በሕይወት አለ። እየቀዘፈ ነው።

ግንቦት 28
አዘዘ ፊቱ አመድ መስሏል። አሳዘነኝ። ያን ቀን ከጉድ አውጥቶኛል፤ እኔም ግማሹን ላንብብለት ብዬ አሰብሁ። ሰው እንዳይሰማን ቀስ ብዬ “የት ደረስህ?” አልሁት።
ቀና ብሎ አየኝ። መጽሐፉን ከደነ።
“እያነበብሁ ነው” አለኝ።