ስታዲየሙን ስንዞር

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 7
ዛሬም መዝሙር ስመራ ከጣሪያው አቧራ ራሴ ላይ ወረደ። ሃሌሉያ ብዬ ቀጠልኩ... ምን ላድርግ? የተከራየነው አዳራሽ ከአሮጌው ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነው። ቅዳሜ ክለቡ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወትበታል፣ እሁድ እኛ እናመልክበታለን።

ስወጣ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ በር ላይ ጠበቁኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የስታዲየሙ ጠባቂ ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም አልለቀቁትም።
"ሚልካ፣ አንዲት ኢንጂነር ግንቡን ልትመረምር የምትመጣበት ቴርሚን የነገ ሳምንት ሰኞ ነው። ስንጥቆቹን አይታ ግንቡ አርጅቷል ካለች አብሪስ ነው፤ ያፈርሱታል።"
"እኛስ?"
"እናንተማ መንፈስ አላችሁ፣ የትም ትዘምራላችሁ።"
ቀለዱ፤ ድምፃቸው ግን ተሰባበረ። እኛም ይህን አዳራሽ ያገኘነው በስንት ልመና ነው!

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8
የጸሎት መሪያችን ወንድም ገብሩ ወሰነ። ሰባት ቀን ስታዲየሙን እየዞርን እንጸልያለን። ፌኸንሃይም ከሚባለው ሰፈር፣ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። አሥራ አንድ ነበርን። እግሬ አለቀ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10
ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ አብረውን ዞሩ። "እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የምዞረው ለጉልበቴ ነው" እያሉ።

ታሪኩን ነገሩኝ። እዚህ አገር የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው የሠሩት፣ በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ። ጨዋታ ሲኖር ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ይንጠለጠል ነበር አሉ። ወታደሮቹ ሲሄዱ የሰፈሩ ልጆች ተረከቡት። እሳቸው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት መመለሻው ሲጠፋ፣ እዚህ ሣር ማጨድ ጀመሩ።
"የጨዋታው ሕግ አሁንም አይገባኝም። ኳሷ እንኳ ክብ አይደለችም! ግን ያስጠጋኝ ይሄ ግንብ ነው።"
አለቀስኩ። እሳቸው ሳያዩኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13
ልጄ ሣራ በጀርመንኛዋ፦ "ማማ፣ ዳስ ኢስት ፓይንሊሽ!" ታሳፍራላችሁ ማለቷ ነው። ነገ ግን ልምጣ አለች...

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 14
ሰባተኛው ቀን። ሰባት ጊዜ ዞርን። ወንድም ገብሩ "እንደ ኢያሪኮ!" ብሎ ሲጮህ እልልታው ቀለጠ።
"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ። "የኢያሪኮ ግንብ መጨረሻው ምን ሆነ?"
"ፈረሰ" አለ ገብሩ፣ ቀስ ብሎ።
በሳቅ ፍርስ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲፈርስ ስንዞር! ሣራማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቃችን ሳያልቅ፣ ከምሥራቅ በኩል በር የሚያህል ልስን ተገንጥሎ ዱብ!
"ጌታ ሆይ፣ ይቺን አትስማን!" አለ ገብሩ።
ነገ ኢንጂነሯ ትመጣለች። ጉድ ፈላ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15
ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ሱፍ ለብሰዋል፣ ለቀብር የመጡ ይመስላሉ። ኢንጂነሯ ልስኑ የወደቀበት ቦታ ቆመች። በመዶሻ መታች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ እንደገና መታች።

ግንቡ ደህና ነው! እነዚያ ሁሉ ስንጥቆች የልስኑ ናቸው፤ ከሥር ያለው ኮንክሪት ገና ጠንካራ ነው አለች። ልስኑ ባይወርድ ኖሮ ከላይ ከላይ ስንጥቁን ብቻ አይታ ይፍረስ ብላ ትጽፍ ነበር። አሁን ይጠገናል፤ ክለቡም እኛም እንቆያለን። እልል አልኩ፣ እዚያው፣ ፊቷ ላይ። ደነገጠች ምስኪን።

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ግንቡን በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር። እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደኔ ዞሩ።
"ገብሩ ይጠራ። በምዕራብ በኩል ያልወረደ ልስን አለ። መቼ ነው የምንዞረው?"