ሦስት እጅ የተረጨ አፍንጫ

ይድረስ ለመጀመሪያ ልጄ። እንዴት ነሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከዚያ አፍንጫ ውስጥ ከሚረጭ መድኃኒትሽ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ስትልኪው "አባዬ፣ በቀን አንዴ ብቻ" ብለሽ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የመኪና ቀለም ስረጭ የኖርኩትን እኔን መርጨት ታስተምሪኛለሽ? አንድ እጅ ቀለም በር እንኳ አይሸፍንም! ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ሦስት እጅ ስረጨው ወራት አለፉ። አፍንጫዬ ተከፈተ፤ ኋላ ግን መድማት ጀመረ።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ይህን ስትሰማ ጮኸችብኝ። "አባባ፣ ይሄ ስቴሮይድ እንጂ ቀለም አይደለም! ጫፉንም ወደ አፍንጫዎ መሀል ሳይሆን ወደ ጆሮዎ በኩል ያዙሩት። ሲበዛ ዓይንም ይነካል። ማየቱ እንዴት ነው?"

"ካንቺ ይሻላል" አልኳት። ምን አገባት?

አሁን በቀን አንዴ ነው የምረጨው፤ እሷ ስለተናገረች ሳይሆን ሊያልቅ ስለሆነ ነው።

ብቻ የዘንድሮ ነገር ያናድዳል። አምፖል ሠሪዎቹን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ መብራቱ ሁሉ ዙሪያውን ቀለበት ያወጣል። አንዱ ደንበኛዬም መኪናውን መልሶ አምጥቶ "የበሩ ቀለም ከጎኑ ጋር አይገጥምም" አለኝ። እኔ ሳየው አንድ ነው። ዓይን የለውም ሰውዬው!

ያቺ ልጅ አፏን ትዝጋ ብዬ ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። አንቺም ስትጽፊ ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ ወረቀት አልተወደደም። ስትመጪ ደግሞ ገና ከበሩ ድምፅሽን አሰሚኝ። ዝም ብሎ የሚገባ ሰው አልወድም።

እናትሽ ብትኖር በምትስማችሁ መጠን ሁላችሁንም ስሜያለሁ።

አባትሽ