የእትዬ ዘነበች ፍሪጅና የታምራት ትከሻ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

«የእትዬ ዘነበች ፍሪጅ ውስጥ የገባ ነገር አይበላሽም።» ዛሬ ጠዋት ሲቀላ ሰፈር ከባጃጅ ስወርድ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማሁ። የሚያወሩት ስለ ዳጣ ነበር፤ እትዬ ዘነበች ጎረቤቴ ናቸው፣ ዳጣ የሚባለውን የቃሪያ ማባያ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። እኔ ግን የታምራት መድኃኒት ትዝ አለኝ። ከምሳ በፊት በራቸውን አንኳኳሁ። «አምጣው መምህር፣ ቦታ ሞልቶ ተርፏል» አሉኝ።

ፍሪጅ የለኝም። እስከ ትናንት የሚቀዘቅዝ ነገርም አልነበረኝም።

ታናሽ ወንድሜ ታምራት ዶርዜ ላይ ሸማኔ ነው። ቀኝ ትከሻው ከፋሲካ ወዲህ አልታዘዝ ብሎታል። መወርወሪያውን በላከ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ለመስቀል ቃል የገባባቸው ጋቢዎች አሉ፤ መስቀልን ያሳለፈ ሸማኔ ደግሞ ለከርሞ ደንበኛው ጎረቤቱ ቤት ሲገባ ያያል። ሆስፒታል «አሳርፈው» ብለውታል። «ዕረፍት ጋቢ አይሠራም» ብሏቸው ወጣ።

ዱባይ ጂም ውስጥ የሚሠራው የአጎታችን ልጅ ዳዊት ይህን ሰምቶ በሰው እጅ ብልቃጥ ላከልኝ፤ ትናንት ሲደርሰኝ ታምራትን ከዶርዜ ደጋ ወደ እኔ ጠራሁት። ፔፕታይድ ነው፣ ጅማት ይጠግናል አለ። ለማስረጃ የራሱን ክንድ ፎቶ አንስቶ ልኳል።

ብልቃጡ የአውራ ጣቴን ጫፍ ያህላል። ታች ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው የሚሰጥ አይደለም» ይላል። ለታምራት ተረጎምኩለት።

«እኛን ነው የሚመራመሩብን?»

«ማንም አይመራመርብንም። ችግሩ እሱ ነው።»

«አንተ ኬሚስትሪ አይደል የምታስተምረው፣ ጋሼ?»

አስተምራለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የወጋሁት ግን በፈተና ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

የስኳር በሽተኞች መርፌና የመርፌ ውሃ ልገዛ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ማን ስኳር እንዳለበት ጠየቀኝ። መዋሸት ስለማልችልበት ብልቃጡን አሳይቼ የታምራትን ትከሻ ነገርኩት። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

«መምህር፣ ይሄን አላውቀውም። እንኳን መጠኑን፣ ውስጡ ያለው የተባለው ነገር መሆኑንም አላውቅም። ይልቅ ሰውየው ሆስፒታል ተመልሶ ትከሻውን ያሳይ።»

አመስግኜው ወጣሁ። መርፌውንና ውሃውን ሌላ ሱቅ ገዛሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።

ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን በጠበጥነው። ዳዊት በድምፅ መልእክት ይመራናል። ውሃው በብልቃጡ ግድግዳ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ አይናጥ፤ በመዳፍ መሀል ይሽከርከር። ታምራት ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። ዱቄቱ ሟሟና እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ለአፍታ ኮራሁ። ጥርት ማለቱ ምንም እንደማያረጋግጥ ተማሪዎቼን ራሴ ነኝ የማስተምረው።

መጠኑ ላይ ስንደርስ ጉድ መጣ። ዳዊት በመጀመሪያው መልእክት አንድ ልክ ይላል። በሁለተኛው የሚለው የዚያን አሥር እጥፍ ነው። ደወልኩለት።

«የትኛው ነው?»

«መሀሉን ያዝ» አለኝ።

ለዛሬ ይቅር አልኩ። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም ተብሏል። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልዬ ሮጥኩ። እትዬ በር ላይ ተቀብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡና ተመለሱ። «ከዳጣው አጠገብ አድርጌዋለሁ። ማንም አይነካውም።»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ከንጋት ጀምሮ መብራት የለም። ሙቀቱ ደግሞ የነሐሴ አይመስልም፤ ደጅ ባለው የሽፈራው ዛፍ ሥር ያለው ውሻ ምላሱን አውጥቶ ተዘርግቷል።

የሚያሳስበኝ፦ ብልቃጡ ሞቆ ይሆን። ክዳኑን በአልኮል ስጠርገው በደንብ ጠርጌዋለሁ ወይ። የታምራት ሚስት ከደወለች ምን እላታለሁ። «ጋሼ ቤት ልረፍ» ብሏት ነው የመጣው፤ እውነቱን ብትሰማ ከነመርፌው ቸርች ወስዳ ታስጸልይለታለች። የሷ ሐሳብ ከኛ የሚብስ አይመስለኝም።

አላስቻለኝም፤ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ መብራት ሲጠፋ እንዴት ያደርጋሉ?»

«ለኔ ፍሪጅ መብራት መጣ ሄደ አንድ ነው» አሉኝ፣ ቃሪያውን እየቀነጠሱ።

የድሮ ዕቃ ጥሩ ነው አልኩ ለራሴ። በሩ ወፍራም ከሆነ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ።

ማታ ታምራት ድንገት ሳቀ። «ጋሼ፣ ዶርዜኮ ሌሊት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። መድኃኒቱን እዚያ መስደድ ሲገባን እኔን ወደዚህ አወረድከኝ።» እውነቱን ነው። ቅዝቃዜ በነፃ ካለበት አገር ሰው ወርዶ፣ ቆላ ላይ ቅዝቃዜ እየለመንን ነው። ከሁለታችን አንዳችን የተማረ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ወጋሁት።

የጋቢው ደንበኛ ደውሎ ነው። ታምራት ስልኩን ዘግቶ «ዛሬ ካልወጋኸኝ ራሴ እወጋዋለሁ» አለ። ራሱ ከሚወጋ እኔ ልውጋው ብዬ አሰብኩ። ሰው ብዙ ነገር የሚያደርገው እንዲህ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ብልቃጡን ከእትዬ ተቀብዬ ቤት ስደርስ ቅዝቃዜ አልተሰማኝም። በፀሐይ ይዤው ስለመጣሁ ነው አልኩ። መንገዱ አጥር ለአጥር ነው።

ከዳዊት ሁለት ልኮች ትንሹን ወሰድኩ፣ እሱንም ለግማሽ ከፈልኩት። አረፋውን ለማስወጣት መርፌውን ወደ ላይ ይዤ በጣቴ መታ መታ አደረግኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ በግ አይደለሁም፣ ልቀቀኝ» አለ፤ ለካ ሆዱን ጨምድጄ ይዤዋለሁ።

አለቀ። እሱ ሸሚዙን አውርዶ ዓሣ ይበላ ጀመር። እኔ አልበላሁም። ፊቱን ሳይ አመሸሁ። «ምን ሆነሃል? የኔን ፊት አታውቀውም?» አለኝ። መድኃኒቱን ወደ እትዬ መለስኩ። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ያንኮራፋል። ማንኮራፋት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

የተወጋበት ቦታ ቀልቷል፣ ሲነኩት ይሞቃል። ትኩሳት የለውም። ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ ከመስመሩ ካለፈ ሆስፒታል ነው። ዳዊትን ጠየቅኩት። «መጀመሪያ እንደዛ ነው» አለ። የሱ ይሁን የሌላ ሰው መጀመሪያ አልነገረኝም።

ከሰዓት ታምራት የታጠበ ሸሚዙን ሽቦ ላይ ሲሰቅል አየሁት። በቀኝ እጁ። ከጆሮው በላይ።

«አየህ?» አለኝ።

አየሁ። ደስ አለኝ። ደስታው ይበልጥ አስፈራኝ፤ አሁን ማን ያስቆመዋል? ነገም ይደገም ብሏል። ለዳዊት በስልክ «እጄ ተመለሰ» ሲል ሰማሁት። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ቅላቱ ከመስመሩ አላለፈም። አልጠፋምም።

እትዬ ዘነበች ከቸርች ሲመለሱ ጠብቄ ብልቃጡን ልወስድ ሄድኩ። ነጠላቸውን እያወለቁ «ግባ መምህር፣ ራስህ አውጣው» አሉኝ። ጓዳቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ፍሪጁን ከፈትኩ። መብራት አልበራም። የዳጣ ማሰሮዎች፣ የበቆሎ ዱቄት፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የእሑድ ጫማቸው የነበረበት ባዶ ካርቶን። ከዳጣው አጠገብ የኔ ፌስታል። ከውስጥ የወጣብኝ አየር ከጓዳው አየር ጋር አንድ ነው። ከኋላ ሳይ ገመዱ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

«እትዬ፣ አይሠራም እንዴ?»

«ውይ፣ ከተቃጠለ ስንት ጊዜው። አይጥ ግን አይገባበትም።»

ቤት ስደርስ ታምራት በረንዳ ላይ ሸሚዙን ገልጦ ይጠብቀኛል። ነገርኩት። ብልቃጡን እንደማልከፍተው፣ ነገ በጠዋት ሆስፒታል ሄደን የወጋሁትን ሁሉ ራሴ እንደምናገር ነገርኩት። ሸሚዙን ወደ ታች ሳበ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሳ።

«ታዲያ ይሄ እንዴት ዳነ?»

ቆላ ከወረደ ጀምሮ መወርወሪያ አልነካም።