ከ‹‹በየ›› በኋላ ያልሰማሁት

ለልጄ ለብሩሼ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤና ሆነሽ ያግኝሽ። ጉልበትሽስ ከምትሠሪበት ጋራዥ ሲሚንቶ ቅዝቃዜ ተሻለው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትንሿ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ጆሮዬ ከመክበዱ በቀር ደህና ነኝ። ታናሽሽም ደህና ናት። ፊደሌ የተንጋደደ ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ነገሩ የመኪናዋ ነው፣ ታናሽሽ ወደምታዋልድበት ጤና ጣቢያ እንድትመላለስባት የላክሻት። የዛሬ ዓመት ግድም ደውለሽ፣ ‹‹አባዬ፣ የዚች መኪና ሞተር ቤንዚን የሚረጨው በቫልቩ ጀርባ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ቫልቩን የሚያጥበው ስለሌለ የዘይት ጭስ እየተጋገረበት ይሄዳል›› አልሽኝ። ጆሮዬ ከባድ ስለሆነ ስልኩን ጮክ አድርጌ ከፍቼዋለሁ፤ ጋራዤ ውስጥ ጎረቤቴ በያጁና ሁለት ደንበኞች ይሰማሉ። አንደኛ፣ ዘይቷን በጊዜው፣ በተባለው ዓይነት ቀይር አልሽ። ሁለተኛ፣ ሳትነዳ ቆማ በሚኒሞ አትንጫጫ፣ በሳምንት አንዴ ረጅም መንገድ አውጥተህ አሩጣት አልሽ። ሦስተኛውን ‹‹በየ…›› ብለሽ ስትጀምሪ በያጁ ሳቀና፣ ‹‹ዛሬስ አንተም ተማሪ ሆንክ›› አለኝ። ደሜ ፈላ። ‹‹ቫልቭ በቤንዚን ማጠብ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም ወይ?›› ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁብሽ። ብሩሼ ያልኩሽ እኮ በዚያው ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ብሩሹን ከእጅሽ ማስጣል አቅቶኝ።

ከዚያ ያልሽውን ሁሉ ትቼ የለመድኩትን ሠራሁ። በየወሩ የቤንዚን ማጽጃ ታንኩ ውስጥ እገለብጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ታናሽሽ ለባብሳ እስክትወጣ ግማሽ ሰዓት አስነሥቼ አቆማታለሁ፤ ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሄዳ ትቆማለች። ዘይቱንም ‹‹መልኩ መች ጠቆረ›› እያልኩ አሳደርኩት።

መኪናዋ ጠዋት ስትነሣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ታናሽሽ ምን ሆና ነው ብትለኝ ምን እንዳልኳት ስጽፈው እጄ ያፍራል። ‹‹እህትሽ ሰው የተወውን አሮጌ አራግፋብን ነው›› አልኳት። አመነችኝ። ያን ቀን ደውላ የተናገረችሽ ክፉ ቃል ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ይኸው አራት ወር ሙሉ ሁለት እህትማማቾች ሳትነጋገሩ እኔ መሐል ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት የመኪናዋ ሞተር አደባባዩ ላይ ጠፋባት። ቦርሳዋን አንግታ በሩጫ ደረሰች። እናትና ልጅ ደህና ናቸው፣ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ መኪናዋን አስጎትቼ አየር የሚገባበትን ማኒፎልድ ፈታሁ። የቫልቮቹ ጀርባ እንዳረረ ድስት ጠቁሯል። የቤንዚኑን መርጫ ፈለግኩ። ከቫልቩ ወዲያ ነው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ። ያን ሁሉ ጠርሙስ ስገለብጥ አንዲት ጠብታ ጀርባቸውን አልነካችም። አንቺ እንዳልሽው።

በያጁ ብቅ ሲል ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። ‹‹ምን ደበቅክ?›› አለኝ። አቧራ እንዳይገባ ነው አልኩት። ሁለት ቀን ሸፈንኩት። በሦስተኛው ታናሽሽ መጥታ፣ ‹‹ታዲያ አሮጌው ምኑ ነው አባዬ?›› ስትለኝ ጨርቁን አነሣሁና ሁሉንም ነገርኳት። ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ‹‹እኔ እኮ እህቴን ሰደብኳት›› አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለበያጁም ነገርኩት፤ ስልክ ስዘጋብሽ የሰማ እሱ ነዋ። ‹‹እንግዲህ ጋራዡን ለብሩሼ አስረክብና አንተ መፍቻ አቀብላት›› አለኝ።

ፍርፋሪው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ ሞተሩን በእጄ እያዞርኩ፣ የተዘጋውን ቫልቭ ብቻ እየነካሁ፣ ስምንቱንም በማጽጃና በእንጨት ፋቅኋቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በዚያው ብሩሽሽ ጨረስኩት፤ አልጣልኩትም ነበር። ዘይቷንም ቀየርኩ። አሁን ስትነሣ ድምጿ አይሰማም።

ይቅርታ መጠየቅ እናትሽ ሳለችም አልለመድኩም፤ ዝምታዬን እሷ ትተረጉምልኝ ነበር። አሁን የሚተረጉምልኝ ስለሌለ ራሴ ልጻፈው። አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። ታናሽሽ ላይ ግን ቂም አትያዢ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትእዛዝሽን ጋራዡ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ በያጁም ደንበኛም ያነበዋል። አንደኛ ዘይት። ሁለተኛ ረጅም መንገድ። ሦስተኛው ላይ ‹‹በየ›› ብዬ ጎኑን ባዶ ትቼዋለሁ። ቫልቩን በየስንት ኪሎ ሜትሩ ከፍቼ እንዳጸዳ ልትነግሪኝ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ቁጥሩን ግን ካንቺ አፍ ካልሰማሁ አልጽፈውም። ደውዪ፤ እስክትጨርሺ እሰማለሁ።

ባለቤትሽን አማቼ እንዴት ነህ በዪልኝ። እናቱን እጅ ነሥቻለሁ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ። በያጁ ሰላም ብሎሻል። ታናሽሽ ሰላም በልልኝ አላለችም፣ አፍራ ነው፤ ይህን ወረቀት ፖስታ ቤት የምታደርሰው ግን እሷ ናት።

ስልክ የዘጋብሽ አባትሽ
ከጋራዡ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ወር በገባ በዘጠኝ