ሁለቱ የመጨረሻ ቁጥሮች

ውድ ሰልዋ፣

ስልክሽን እንደቀየርሽ የነገረኝ አጎትሽ ሙህሲን ነው። አዲሱን ስጠኝ ብዬ ብለምነው፣ «እሷ ሳትፈቅድ አልሰጥም። ከፈለግሽ ጻፊላት፤ ሐሙስ ወደ ወራቤ ዕቃ ስጭን አብሬ እሰድልሻለሁ» አለኝ። ይኸው ሳሪስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ያ ዓርብ መቼም ከልብሽ አይወጣም። ግን አንቺ የምታውቂው ግማሹን ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

እትዬ ወርቅነሽ ወደ ጋሽ ፈቀደ ማተሚያ ቤት የገቡት በጠዋት ነበር፤ ነጠላቸው በጥድፊያ ተዘቅዝቆ፣ የአባታቸውን ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው። አባታቸው አቶ አሻግሬ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የፈጁ ሰው ነበሩ። መርሳት ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት አቃቂ ካለው ቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። አንቺ ወዲያው ኦንላይን የምንሠራበትን የዲዛይን ገጽ ከፍተሽ «አፋልጉን» ብለሽ ጻፍሽ። እትዬ ወርቅነሽ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ትዝ ይልሻል? የመረጥኩት ፎንት ሁሉ አማርኛውን ባዶ ሳጥን እያደረገ ሲያወጣብኝ ላለቅስ ደርሼ ነበር። ከጎንሽ አስቀምጠሽ የትኛው ፊደላችንን እንደሚያነብ፣ የሌለውን እንዴት እንደሚጫን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። «ፊደል መተንፈሻ ይፈልጋል፣ አታፍኚው» እያልሽ መስመሮቹን ታራርቂ ነበር። ቁጥር ሲሆን ደግሞ አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን ከደንበኛው ወረቀት ጋር እናመሳክራለን። ያን ቀንም አመሳከርን። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣

«ጁምዓ ልሂድ። አልቋል፤ ፕሪንት ማድረግ ብቻ ነው የቀረሽ» ብለሽኝ ወጣሽ።

እዚህ ጋ ነው የማታውቂው። ሰልዋ፣ እኔ እቀናብሽ ነበር። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ሰልዋ የለችም?» ይላል። እኔ እዚያው ተቀምጬ! አንቺ የሠራሽውን ማሻሻል እንደምችል ለጋሽ ፈቀደ ላሳይ ፈለግሁ። የስልክ ቁጥሩ ቀጭን ነው፣ ከሩቅ አይታይም ብዬ ወፍራምና ሰፊ ፎንት መረጥኩ፣ ቀይ አደረግኩት። ቁጥሩ በሳጥኑ ውስጥ አልበቃ ሲል የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ወደ ታች መስመር ወረዱ። እዚያ ደግሞ «ላገኘልን ወሮታ ከፋይ ነን» የሚለው ያረፈበት ቀይ መደብ ነበር። ቀይ በቀይ ላይ ሆነና ሁለቱ አሃዞች ጠፉ። የቀሩት ስምንቱ ግን በጣም ያምሩ ነበር። ሳላነበው መቶ ኮፒ አወጣሁ። እትዬ ወርቅነሽ ተመልሰው ሲመጡ ያዩት የአባታቸውን ፊት እንጂ ቁጥሩን አልነበረም። አቅፈውኝ ሄዱ።

ወረቀቱ ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ተለጠፈ። ሰኞ አቶ አሻግሬ አቃቂ ወንዝ ዳር ሞተው ተገኙ።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ወርቅነሽ ጥቁር ለብሰው ሲገቡ አንቺ ተነስተሽ ልታቅፊያቸው ሄድሽ። እሳቸው ግን የተጣጠፈ ወረቀት ዘረጉብሽ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚጠብቅ አያና የሚባል ሰው ሞታቸውን ሰምቶ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ይዞት የመጣ ነው።

«ቅዳሜ አባቴን ደረጃ ላይ ተቀምጠው አግኝቷቸዋል» አሉ። «ሻይ አጠጥቷቸዋል። ከዚህ ላይ እያየ ቢደውል፣ ቢደውል፣ ቁጥሩ ጎደሎ ነው። ተረኛው ሲቀይረኝ ፖሊስ ጣቢያ አደርሳቸዋለሁ ብሎ ዞር ሲል ሄደዋል። ሁለት ቁጥር እኮ ነው የጎደለው! ሁለት ቁጥር!»

ጋሽ ፈቀደ ወንበር ስበው እስኪያስቀምጧቸው ድረስ እኔ ፋይሉን ከፍቼ ነበር። ገጹ የቀደሙትን ቅጂዎች ከነሰዓታቸው ያስቀምጣል። ያንቺው የስድስት ሰዓቱ ሙሉ ነው። ሰባት ሊሞላ ሲል የተቀየረው የኔ ነው። የምንሠራው በአንድ አካውንት ስለሆነ ስም የለውም፤ ሰዓቱ ግን ይናገራል። ፋይሉን አጠፋሁት። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አጠፋሁት።

«እኔ ስወጣ ቁጥሩ ሙሉ ነበር» አልሽ።

«እኔ ፕሪንት ብቻ ነው ያደረግኩት» አልኩ።

«ፋይሉንስ ማን አጠፋው?» አሉ ጋሽ ፈቀደ።

ዲዛይኑን የሠራሽው አንቺ ነሽና ሁሉም ወዳንቺ ዞረ። አንቺ ወደ እኔ ነበር የምታዪው። እትዬ ወርቅነሽ «የአባቴን ደጅ እንደዘጋሽ ያንቺም ደጅ ይዘጋ!» ሲሉሽ እንኳ ዓይንሽን ከኔ አላነሳሽም። ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ። አልተከተልኩሽም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ወርቅነሽ ለአባታቸው መንፈቅ የሚሰቀል ባነር ሊያሠሩ መጡ። ከስተዋል። አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝና፣

«ያቺኛዋ ሄደች አይደል? እሰይ። ያንቺን እጅ አምናለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«አቶ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ ጣቴ አልሄደልኝም። እዚያው ነገርኳቸው። ቅናቱን፣ ፎንቱን፣ ያጠፋሁትን ፋይል፣ ሁሉንም። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበራቸውን ከአጠገቤ ራቅ አደረጉ።

«ስድስት ወር ሙሉ ያቺን ልጅ ስሟን እየጠራሁ ስረግም ነበር» አሉ። «ሳስቀድስ እንኳ። እርግማኔን በሷ ላይ ጨርሼዋለሁ፤ ላንቺ የተረፈኝ የለም። አንቺ እንዲሁ ኑሪ።»

ከእሳቸው በኋላ ለጋሽ ፈቀደ ነገርኳቸው። የማተሚያ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለው አሰናበቱኝ። «ሰልዋ ወንበሯ እንዳለ ነው በያት» ብለዋል። ለሙህሲንም ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ፤ ለዚህ ነው ስልክሽን ያልሰጠኝ፣ ልክ ነው።

ይቅር በይኝ ልልሽ አልደፍርም። የጻፍኩልሽ ስለ እትዬ ወርቅነሽ ነው። ሳልሞት ላግኛትና እግሯ ላይ ልውደቅ እያሉ ነው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ወራቤ ድረስ እመጣለሁ ብለዋል። ከፈቀድሽ ሙህሲን ያመጣቸዋል።

እኔ አልመጣም።

የበደለችሽ፣
ሉላ