አርብ የተላኩ ትሎች

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9
ጭጋግ ሐይቁን ሸፍኖት ዋለ። የዓሣ ማጥመጃ ትል ሳሽግ አረፈድኩ። እርጥቡ አፈር ውስጥ ሲላወሱ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላሉ... እጄ ይሠራል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።

ሚዙሪ ያለው የልጆች ካምፕ ከኔም ከአርኒም አንዳንድ ሣጥን አዟል። ትሉ በልጦ የተገኘው የበጋውን ሥራ በሙሉ ይወስዳል። የኔ ዛሬ ሄደ። ካምፑን ካጣሁ የትል ሱቄን እዘጋለሁ። ሌላ መላ የለኝም።

አርኒ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባባ ከሞተ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፍቷል። መስኮቱ ላይ "ማጓጓዣ በነጻ! በየቀኑ እንልካለን!" ብሎ ለጥፏል። በየቀኑ? ከረቡዕ በኋላ ትል የሚልክ ማን ነው? ቅዳሜና እሁድን መንገድ ላይ ሊቀቀል...

አርብ፣ ጁላይ 12
ሙቀት። አርኒ ሣጥኖቹን ተሸክሞ ወደ ፖስታ ቤት ሲሮጥ አየሁት። ላብ በላብ ሆኗል። ልጠራው አሰብኩ... ምን ብዬ?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13
የፖስታ ቤቱ ሉቨርን ደወለ።
"ወንድምሽ ትናንት ዘግይቶ መጥቶ የፖስታው መኪና አምልጦታል። ሣጥኖቹ እዚህ ናቸው፣ የካምፑም አለበት። ቤቱ ምድጃ ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም።"
"እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?"
"እኔ እንጃ። ዝም ማለት ከብዶኝ ነው።"

መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ዝም ካልኩ ካምፑ የኔ ነው። ማን ይወቅሰኛል? ምንም አላደረግኩም እኮ... እንዲህ እያልኩ እንደተንሳፈፍኩ ራሴን መኪና ውስጥ አገኘሁት።

ሣጥኖቹን ከፖስታ ቤቱ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። የካምፑን ስከፍት ግማሹ ሞቷል። ከራሴ በርሜል ወፍራም ወፍራሙን መርጬ ሞላሁለት። ለምን ወፍራሙን? ሞኝ! ሁሉንም ፍሪጄ ውስጥ ከኔዎቹ ጎን አስቀመጥኳቸው።

ሰኞ፣ ጁላይ 15
ሣጥኖቹን ለሉቨርን መለስኩ። ሄዱ።

አርብ፣ ጁላይ 19
የካምፑ ሴትዮ ደወለች። "ሁለቱም በሕይወት ደርሰዋል። የሱ ግን ወፈር ወፈር ይላል፣ ማጓጓዣውም ነጻ ነው። አዝናለሁ።"
በገዛ ትሌ ተሸነፍኩ! ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ አለቀስኩ። ሐይቁ ላይ አንድ ጀልባ ቆማለች፣ የማን እንደሆነች እንጃ... ሳያት መሸ።

እሁድ፣ ጁላይ 21
አርኒ በሩ ላይ ቆሟል። ሉቨርን ሁሉንም ነግሮታል።
"እታለም፣ ካምፑ ጋ ደወልኩ። ትሉ የእህቴ ነው፣ ሥራውን ለሷ ስጡ አልኳቸው።"
"ምን አሉህ?"
"ሴትዮዋ 'እኛ ነጻውን ነው የምንፈልገው' አለችኝ።"
"ሞኝ ነህ።"
"ካንቺ አልብስም።" ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። "የኔን ሱቅ ልዝጋው። ትሉ ያንቺ፣ ማጓጓዣው የኔ ይሁን።"

ከአባባ ቀብር ወዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ፀጉሩ መሸበቱን እንኳ አላየሁም ነበር... ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።
"ጫማህን አውልቀህ ግባ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት" አልኩት።